አባቴ ሞቶ ወዲያው ሥራ ገባሁ፣ በድያለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉልኝ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። የአባቴን መርዶ በስልክ ማሽን ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት፣ 3 ቀን ፈቃድ ተሰጠኝና ስሄድ ቀብሩ አልፎ ደረስኩ። ቶሎ ስመለስ ዘመዶቼ እርሟን ሳታወጣ ሄደች፣ ጨካኝ ናት አሉኝ። 40ውም የሥራ ቀን ላይ ይውላል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማርልሽ። መርዶ በኛ ወግ ሽማግሌዎች ማለዳ ቤት ድረስ መጥተው፣ ሰው ከጎንሽ አስቀምጠው ነው የሚነግሩሽ፣ አንቺ ግን ብቻሽን ማሽን ላይ ሆነሽ ሰማሽው፣ ይሄ ራሱ ከባድ ሐዘን ነው።

አልበደልሽም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ለሞተው አምርረህ አልቅስ ይላል ግን ደሞ አንድ ወይ ሁለት ቀን ነው የሚለው ከዛ ተጽናና ይላል ምክንያቱም ሐዘን ሲበዛ ራሱ ሞት ያመጣል። ዘመዶችሽ ሰንብቶ መቀመጥን የለመዱት ጎረቤት እያረሰ ከብት እየጠበቀ ሐዘንተኛውን በሚያስቀምጥበት ኑሮ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ በአንቺ ቦታ ገብቶ የሚሰፋልሽ ዘመድ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ እንባሽን ውጠሽ ሺፍት ገብተሽ እንዳትቀሪ። ጌታችን እንኳ ለአልዓዛር አልቅሷል፣ ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላለም። አብረውሽ ለሚኖሩት ልጆች ንገሪያቸው፣ ማታ ቁጭ ብላችሁ ስለ አባትሽ እያወራሽ አልቅሺ፣ እርም ማውጣት ማለት እሱም ነው።

40ውን በተመለከተ ዋናው ጸሎቱ ነው፣ ድግሱ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በሠልስቱ በሰባቱ በ40 በ80 በሙት ዓመቱ የምታስበው ለነፍሱ ምሕረት እየለመነች ነው፣ አንቺ ሥራ ላይ ብትሆኚም ፍትሐቱ በቀኑ ይደረስለታል። ለነዳያን የምታበይውን እሑድ አድርጊው፣ ለተዝካር ብለሽ ግን ብር እንዳትበደሪ አደራ። መሄድ ከፈለግሽ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ3ቱ የሥራ ቀን ሌላ ለከባድ ጉዳይ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይፈቅዳል፣ በዓመት ከ2 ጊዜ አይበልጥም እንጂ፣ ቀደም ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

የክርስትና ስሙን ጽፈሽ ከጧፍና ከዕጣን ጋር በዚህ እሑድ ለንስሐ አባትሽ ስጪ፣ 40ው እስኪደርስ አትጠብቂ።