ተኳሽ አልባው ቦምብ ጣይ

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ንድፋችሁን ይዛችሁ «እስቲ ይዩልን» እያላችሁ ትመጣላችሁ። ደስ ይለኛል። ግን ብዙውን ጊዜ የማየው አንድ ነው፤ ያላጨቃችሁበት ነገር የለም።

እኔም ያው ነበርኩ። በአውሮፕላን ጥገና ጀማሪ ሳለሁ የመቆሚያ መሰላል ሥራ ተባልኩ። መደርደሪያ ጨመርኩበት። መብራት ጨመርኩበት። ትንሽ ክሬንም አስከተልኩ። ሲያልቅ አራት ሰው ገፍቶ አላንቀሳቀሰውም። ከሃንጋሩ ጀርባ ዝናብ ሲመታው ከረመ። አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ እሱ ነው የባሰው።

ሞስኪቶ ስለሚባለው የጦር አውሮፕላን ላውጋችሁ። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጨረሻ ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ የሚባል እንግሊዛዊ አውሮፕላን ሠሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከእንጨት የተሠራ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ መከላከያ መትረየስ የሌለው ቦምብ ጣይ ነው። ባለሥልጣናቱ አልተዋጠላቸውም። መትረየስ የሌለው ቦምብ ጣይ ብሎ ነገር አለ እንዴ? የእሱ ሒሳብ ግን ሌላ ነበር። መትረየሱ ሲቀር ተኳሹም ይቀራል፤ ክብደቱ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጠላት ካልደረሰበት መትረየስ ለምኑ? ዊልፍሪድ ፍሪማን የተባለ የአየር ኃይል ከፍተኛ መኮንን ደገፈውና በማርች 1940 የ50 አውሮፕላን ትእዛዝ ተሰጠ። ሰዉ «የፍሪማን ቂልነት» እያለ ይቀልድ ነበር።

እንጨቱም በሒሳብ ነው። በጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ይሻሙበታል፤ የቤት ዕቃ አናጢ ግን ሞልቷል። ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት በስስ የበርች ጣውላ መሃል አጣብቀው ቀፎውን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን አካል፣ በሁለት ግማሽ ሠሩት። ሽቦውንና ቧንቧውን ገና ክፍት ሳለ ዘርግተው ከዚያ ያጋጥሙታል። ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጠማዞ ብሎን የፈታ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ናሙና ኖቬምበር 25 ቀን 1940 እንግሊዝ ውስጥ ካለችው ሃትፊልድ ተነሥቶ በረረ። ችግር አልጠፋም። ጭራው ይንቀጠቀጥ ስለነበር የሞተሮቹን ሽፋን ወደ ኋላ አስረዘሙት። አያችሁ፣ የግድ ሲሆን ይጨመራል። በፈተና ላይ ሳለ የጭራው ጎማ ተቀርቅሮ ቀፎው ተሰነጠቀ፤ ለፎቶ አንሺው ናሙና የተሠራውን ቀፎ አምጥተው ቀየሩለት። ቢሆንም ከዘመኑ ስፒትፋየር ተዋጊ ፈጥኖ ተገኘ።

ከዚያማ ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ቦምብ ጣይ ሆነ፣ የሌሊት ተዋጊ ሆነ፣ መርከብም አሳደደ። ተዋጊው ዓይነት እንዲያውም አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ታጠቀ። 7,781 ተሠራ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስትመጡ የተዋችሁትንም ነገር ጽፋችሁ አምጡልኝ። የእኔን መሰላል ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለተኛውን ስሠራ ክሬኑም መደርደሪያውም ቀረ። መብራቱ ላይ ግን አልጨከንኩም።