ንጉሡ ዋሸ ወይስ ረሳ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ አብረን የምናነብ 8 ጓደኛሞች ነን። የጥንቱን የሕንድ ባለቅኔ የካሊዳሳን ተውኔት «ሻኩንታላ»ን አሳጥረን በ90 ደቂቃ ለታዳሚ ልናነብ ተነሥተናል። ንጉሥ ዱሽያንታ ያገባትን ሴት «አላውቅሽም» ያላት ዋሽቶ ነው ወይስ ረስቶ? በዚህ ተከራክረን አልተግባባንም። ከ7ቱ ገቢሮችስ የቱን ብንቀንስ ይሻላል?

መልስ፦ የምትከራከሩት በሁለት የተለያዩ ታሪኮች ነው። ታሪኩ ቀድሞ በተነገረበት በጥንቱ የሕንድ የጀግንነት ግጥም፣ በማሃብሃራታ የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ እርግማንም ቀለበትም የለም። ሻኩንታላ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ንጉሡ እያወቃት ይክዳታል። ከሰማይ ድምፅ ሲመሰክርበት «ሕዝቡ እንዳይጠራጠር ብዬ ነው» ብሎ ይቀበላቸዋል። እርግማኑንና የቀለበቱን መጥፋት አምጥቶ ክህደቱን መርሳት ያደረገው ካሊዳሳ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የ4ኛውን ገቢር መግቢያ እንዳትነኩት። አጭር ነው፤ ሻኩንታላም አትታይበትም፤ ለመቁረጥ ያጓጓል። ግን ሁሉም ነገር የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው። ቁጡው መናኝ ዱርቫሳ ደጅ ቆሞ እንደኛው «ቤቶች!» ይላል። እሷ ባሏን እያሰበች በሐሳብ ጭልጥ ብላለች፤ የሚቀበለው ያጣል። እንግዳን ደጅ ማስቆም ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለጅማ ታዳሚ ማስረዳት አያሻም። «የምታስቢው ሰው ይርሳሽ» ብሎ ይረግማታል። ጓደኛዋ ፕሪያምቫዳ ሮጣ ስትለምነው፣ ንጉሡ የመታወቂያ ጌጥ ሲያይ እርግማኑ እንዲነሣ ይፈቅዳል።

ይህን የሚያውቁት ፕሪያምቫዳና አናሱያ ብቻ ናቸው። ሻኩንታላ እንዳትሰጋ ብለው ነገሩን ይደብቋታል፤ ወደ ንጉሡ ስትሄድ «ቶሎ ካላወቀሽ የሰጠሽን ቀለበት አሳዪው» ብቻ ይሏታል። እሷ ግን መንገድ ላይ ለተቀደሰ ውሃ ስትሰግድ ቀለበቱ ሾልኮ ይወድቃል። መግቢያው ከተቆረጠ፣ 5ኛው ገቢር ላይ ባዶ ጣቷን ስትዳብስ ታዳሚው ንጉሡን ውሸታም ይለዋል፤ በ6ኛው ሲጸጸትም አያዝንለትም።

2ኛውን ገቢር በሦስት ዓረፍተ ነገር መተረክ ይበቃል። አንዷን ነገር ግን አታስቀሩ፦ ንጉሡ አጫዋቹን ማድሃቭያን ወደ ከተማ ሲሸኘው «ስለ ልጅቷ ያልኩህ ቀልድ ነው» ይለዋል። ይህ ካልተነገረ፣ ያ ሁሉ ነገር የተወራለት ሰው ለምን ጌታውን አላስታወሰውም የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልስም አይኖራችሁም።

ከ90 ደቂቃው ግማሹን ለ4ኛውና ለ5ኛው ስጡ። በስንብቱ የአጋዘኗ ግልገል ልብሷን ይዛ ስትጎትታት የሚያነበው ሰው አይቸኩል፤ ከተውኔቱ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው ያንን ቦታ ነው። ከ6ኛው፣ ቀለበቱን ከዓሣ ሆድ ያገኘው ዓሣ አጥማጅ ሌባ ተብሎ ሲያዝ ያለው ክፍል ይግባ፤ እርግማኑ የሚፈታው በእሱ ነው። በ7ኛው የሰማይ ሠረገላውን ጉዞ አልፋችሁ፣ የሻኩንታላና የንጉሡ ትንሽ ልጅ የአንበሳ ደቦል አፍ ከፍቶ ጥርሱን ልቁጠር ከሚልበት ጀምሩ።