የተረት ቀን ለምታዘጋጁ ልጆች

በዚህ ክረምት ለሰፈራችሁ የተረት ቀን ልታዘጋጁ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ፖስተራችሁንም አየሁት። ፊኛ አለ፣ ፊት ላይ ሥዕል መሳል አለ፣ ከታች ደግሞ «ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 12 ለሆኑ ሕፃናት» ይላል። አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ተረት አለ በተባለበት ደግሞ ሳልጠራም እገኛለሁ። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ ልምከራችሁ፤ ያቺን የዕድሜ መስመር ሰርዟት።

ተረት ለሕፃናት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በየገጠሩ ማታ እሳት ዳር ሲተረት ልጁም፣ እናትየውም፣ ከከብት የገባው አባወራም፣ መሽቶበት ያደረው እንግዳም እኩል ነው የሚሰማው። ለትልቁ ሌላ ክፍል፣ ለትንሹ ሌላ ክፍል የለም። አንዱ ተረት ለሁሉም ይበቃል፣ ምክንያቱም ሁሉም ከዚያው ተረት የየራሱን ይወስዳል።

የአህያውን ተረት ታውቁታላችሁ መቼም። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ረሃብ ጠናባቸው። ዝናቡ የቀረው በኃጢአታችን ነው ተባባሉና ኑዛዜ ጀመሩ። አንበሳ አንድ ወይፈን መብላቱን ተናገረ። ሌሎቹ የጌታቸው ጉልበት ያስፈራቸዋልና «ኧረ ይሄ ምን ኃጢአት ነው!» አሉ። ነብር ፍየል በልቻለሁ አለ፤ «ይሄም ኃጢአት አይደለም»። ጅብም እንደዚያው ተናዞ እንደዚያው አለፈ። አህያ ግን «ጌታዬ ቆሞ ከሰው ጋር ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ» ከማለቱ «ለካ የዚህ ሁሉ መዓት ምክንያት አንተ ነህ!» ብለው ተረባርበው በሉት። ይህን ተረት ትንንሾች ባሉበት አውሩት፣ ጅቡን ካስመሰላችሁት በሳቅ ይፈርሳሉ። ከኋላ የተቀመጡትን አዋቂዎች ደግሞ እዩዋቸው፣ መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ዝም ይላል። አዋቂዎቹን ከግቢው ካስወጣችኋቸው ግማሹን ተረት አብራችሁ አስወጣችሁ ማለት ነው።

አደራ፣ ተረቱ ሲያልቅ ማይኩን ይዛችሁ «እሺ ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማርን?» አትበሉ። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው የምላችሁ። ልጁ ገና አህያውን እያዘነለት ነው፣ እናንተ ፈተና አወጣችሁበት። ተዉት፣ ቤቱ ወስዶ ያስበው። ከሳምንት በኋላ እራት ላይ «ግን አህያው ለምን ዋሽቶ አልዳነም?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያኔ ቤተሰቡ ይጨነቅበት።

ስትተርቱ ደግሞ አትሸምድዱ። ማን ነበር፣ ምን ፈለገ፣ ምን ገጠመው፣ እንዴት አለቀ፤ ይህን ያዙና ቀሪውን የአድማጩን ፊት እያያችሁ ሙሉት። ከወረቀት ወይም ከስልክ ላይ የሚያነብ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው፣ ሕዝቡ ሲሰለች እንኳ አያይም። «ተረት ተረት» ስትሉም ዝም ብላችሁ ወደ ውስጥ አትግቡ። «የላም በረት» እስኪባል ጠብቁ። መልሱ ከሳሳ ድገሙት፣ አሁንም ከሳሳ እንደገና ድገሙት። ሰው አፉን ከከፈተ ጆሮውም አብሮ ይከፈታል። አባባ ተስፋዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ልጆችን ሲያጫውቱ ከመስተዋቱ ወዲያ ያለውን ልጅ ያዩት ይመስል ነበር የሚያናግሩት። እኛም ቤታችን ሆነን እንመልስላቸው ነበር። እናንተ ደግሞ ሰው ፊታችሁ ቁጭ ብሎላችኋል፣ ምን ጎደላችሁ?

በተረትና በተረት መሃል እንቆቅልሽ አስገቡ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ለሁሉም ዕድሜ ከእንቆቅልሽ የተሻለ ነገር አላውቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «እንቆቅልህ» ብላ ጎረቤቷን ጋሼን ስትጠይቅ፣ ጋሼ «ምን አውቅልሽ» ብለው ሲያቅታቸው፣ «አገር ስጠኝ» ስትላቸውና ጎንደርን ሲሰጧት፣ ጎንደር ሄዳ ምን በልታ ምን ጠጥታ እንደተመለሰች እየዘረዘረች ስታሾፍባቸው ግቢው በሳቅ ነው የሚናጋው። አንድ ነገር ልጨምር። የሰፈራችሁ ሰው ሁሉ አፉን የፈታው በአማርኛ አይደለም። በኦሮምኛ «ሂቦ» የሚል እናት ካሉ በኦሮምኛ ይጠይቁ፣ ትግርኛም ጉራጊኛም እንዲሁ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይተርጉም።

አዛውንቶቹን የምታመጡበት መንገድ ግን ይለያል። በደብዳቤ «የክብር እንግዳ» ብላችሁ ብትጋብዟቸው ሱፍ ለብሰው መጥተው ንግግር ያደርጉላችኋል፣ ተረት አታገኙም። ቀደም ብላችሁ ቤታቸው ሂዱ፣ ቡና ላይ ቁጭ በሉ። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» ይላሉ። ዝም በሉ። ወይም አንድ ተረት አሳስታችሁ ጀምሩላቸው፣ «ኧረ እንዲህ አይደለም!» ብለው ከእጃችሁ ይነጥቋችኋል። በዕለቱም መድረክ ላይ አታቁሟቸው፣ ወንበር ስጧቸውና ልጆቹን እግራቸው ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀምጡ።

ገንዘብ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ጆንስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1973 ጂሚ ኒል ስሚዝ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋር በመኪና ሲሄድ በሬዲዮ አንድ ተራኪ ይሰማል፣ ይሄን ነገር በከተማችን ለምን አናደርገውም ብሎ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንድ ጋሪ አቁሞ ጀመረ። መድረኩ ጋሪው ነበር። አሁን በእኛ መስከረም መጨረሻ ገደማ በየዓመቱ ትልልቅ ድንኳኖች ይተከላሉ፣ አዋቂ ሰው ቲኬት ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ተረት ሲሰማ ይውላል።

ድንኳን ደግሞ እናንተም አላችሁ፤ እድሩ ጋ። አግዳሚውም ብርጭቆውም እዚያው ነው። የእድሩን ዳኛ በጊዜ አናግሯቸው፣ ለሰፈሩም ቀድማችሁ ንገሩ፣ አለበለዚያ ድንኳኑን ያየ ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። (ከመጣ ግን አትመልሱት፣ አስቀምጡት።) አዳራሽ ካገኛችሁም ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት አትመኑት፣ ዝናቡ ከመጣ ማይክም አያድናችሁ። ጠዋት ጀምራችሁ ምሳ ሰዓት ላይ ጨርሱ።

ቀኑን ለቡሄ ሳምንት ብታደርጉት ደግሞ እወዳለሁ። ትምህርት ዝግ ነው፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው አፋቸው ተፈቷል፣ ሙልሙልም በየቤቱ አለ። «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ለጨረሰ ተራኪ ሁሉ እውነተኛ ዳቦ ስጡት። ከሰርተፍኬት ይሻላል።

ቀኑን ስትቆርጡ ለእኔም ንገሩኝ። አንድ የስንዝሮ ተረት አለችኝ፣ ረዘም ትላለችና መጀመሪያ አካባቢ አስገቡኝ።