ደጋግሞ ተሸንፎ እንደገና መወዳደር ነውር ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አዘዞ ነው። እሁድ እሁድ ፒያሳ አጎቴ ቤት ቡና እንጠጣለን። ባለፈው የኬንያው ራይላ ኦዲንጋ ተነሳና ተከራከርን። አጎቴ «አምስት ጊዜ ተወዳድሮ አምስቴም የተሸነፈ ሰው፣ ሕዝቡ አልፈልግህም ሲለው እንዴት አይሰማም? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አለ። እኔ ደግሞ ሰው ተስፋ ካልቆረጠ ምን ችግር አለው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ እኛ አገር ለፕሬዚዳንትነት ደጋግሞ የሚወዳደር ሰው ለምን አናይም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ካንተ ጋ ነኝ። ምክንያትህን ግን አልቀበለውም። ተስፋ አለመቁረጥ ብቻውን ማንንም ለሥልጣን አያበቃም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሰውየው ከአንዱ ምርጫ እስከሚቀጥለው ምን ሲሠራ ቆየ?

የዛምቢያውን ሃካይንዴ ሂቺሌማን እንይ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ2006 ሦስተኛ ወጣ። በ2008ም ሦስተኛ፣ በ2011ም ሦስተኛ። የአጎትህን ምክር ሰምቶ ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እሱ ግን ፓርቲውን ይዞ ቀጠለ፣ በ2015 በ28 ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ ተሸነፈ፣ በ2016ም ለጥቂት አመለጠው። በ2017 ለፕሬዚዳንቱ አጀብ መንገድ አልለቀቀም ተብሎ በአገር ክህደት ተከሰሰና አራት ወር ታሰረ። በ2021፣ በስድስተኛው ሙከራው፣ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጋ የድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ምን ተለወጠ? አገሪቱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነበር፣ ኑሮውም ከብዶ ነበር። ደግሞ አስበው፣ እሱ መጀመሪያ ሲወዳደር የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጅ በ2021 ካርድ ይዞ ተሰልፏል። ያ ልጅ «አልፈልግህም» ብሎት አያውቅም። ሕዝብ አንድ ጊዜ የሰጠው መልስ የዚያ ቀን መልስ ነው፣ ለዘላለም አይደለም።

የብራዚሉ ሉላም ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ነው በ2002 ያሸነፈው። እሱ ግን ያንኑ ንግግር አልደገመም። የብረታ ብረት ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረው ሰው ለምክትልነት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ይዞ መጣ፣ አገሪቱ የገባችውን ውል እንደሚያከብርም በደብዳቤ ቃል ገባ። ከሽንፈቱ ተምሯል ማለት ነው።

ወደ ራይላ ልምጣ፣ አጎትህ እዚህ ላይ ትንሽ በድለውታል። በ1997፣ በ2007፣ በ2013፣ በ2017 እና በ2022 መሸነፉ እውነት ነው። ግን የ2017ቱን ውጤት የሰረዘው የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፣ ድጋሚውን ምርጫ ደግሞ እሱ ራሱ አልወዳደርም ብሎ ወጣ። ስለዚህ ሕዝቡ አምስቴ ገፍቶታል ማለት ይከብዳል። የ2007ቱ ግን አሁንም ያመኛል፤ በውጤቱ ጭቅጭቅ በተነሳው ግጭት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አለቀ፣ በዚያ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ስምምነት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ኬንያም በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች። ፕሬዚዳንት ሳይሆን፣ በጥቅምት 2025 በ80 ዓመቱ አረፈ። የሠራው ግን ቀርቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ተሸንፎ የሚመለሰው ሳይሆን አሸንፎ አልለቅም የሚለው ነው። የሴኔጋሉ አብዱላይ ዋድ አራት ጊዜ ተሸንፎ በ2000 ሲያሸንፍ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር። ያው ሰው በ2012፣ በ85 ዓመቱ፣ ለሦስተኛ ዘመን ልወዳደር ሲል ወጣቱ አደባባይ ወጣ፣ በምርጫውም ተሸነፈ። ያን ሁሉ ዓመት ደጅ የጠናለትን ወንበር ለሌላው መልቀቅ ለምን እንደከበደው አስቤ አስቤ አልገባኝም።

የመጨረሻው ጥያቄህ መልሱ አጭር ነው። እኛ አገር ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጠውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ያቀርባል፣ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፣ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም። እስካሁን ሁለቱንም ዘመን የጨረሱት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ዋናው ሥልጣንም በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው።

ስለዚህ አንተ አዘዞ ሆነህ ደጋግሞ ሲወዳደር የምታገኘው ሰው የምክር ቤት ዕጩ ነው። ባለፈው ተሸንፎ አሁንም ድምፅህን ሊጠይቅ ሲመጣ አትሳቅበት። እነዚያን አምስት ዓመታት የት እንደነበረ ጠይቀው።