ታንከር ውስጥ ሁለት ፓምፕ ልትገጥም ነው? መጀመሪያ ቱቦውን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቶዮታ ሱፕራህ ላይ ትልቅ ቱርቦ (ሞተሩ ውስጥ አየር የሚነፋው) ገጥመሃል። አንዱ ዋልብሮ 255 (በሰዓት 255 ሊትር የሚባለው የነዳጅ ፓምፕ) አልበቃ ስላለህ ሌላ ተመሳሳይ ፓምፕ ታንከሩ ውስጥ ልትጨምር ነው። ማወቅ የፈለግከው ሁለተኛው ፓምፕ ሁልጊዜ ይሥራ ወይስ ቱርቦው ሲነፋ ብቻ ይነሳ የሚለውን ነው። እሱን እመልስልሃለሁ። እኔን ሞተር ያስወረደኝ ግን እሱ አይደለም። የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ቱቦ ናት።

የእኔም መኪና ያው ናት፤ 1994 ሱፕራ፣ ሞተሯ 2ጄዜድ ቱርቦ። ፓምፕ እንዴት እንደሚወጣና ባትሪ እንደሚነቀል አልነግርህም። እዚህ ከደረስክ ታውቀዋለህ።

1. ሂሳቡን ሥራ። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ለየ100 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 37 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 600 ካሰብክ 220 ሊትር መሆኑ ነው። «ታዲያ አንዱ 255 ይበቃኛል» እንዳትል። 255 የተባለው በ3 ባር ገደማ ግፊትና ሙሉ ቮልቴጅ እያገኘ ነው። ቱርቦው 1.5 ባር ሲነፋ ሬጉሌተሩ (የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው) የነዳጁንም ግፊት በዚያው ልክ ያሳድገዋል። ፓምፑ 4.5 ባር እየተጋፋ ነው ማለት ነው፤ የሚያወጣው መጠን ይወርዳል። ኢ85 (አብዛኛው ኤታኖል የሆነ ነዳጅ) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሲሶ ጨምርበት። ሁለት ፓምፕ ማሰብህ ልክ ነው።

2. ሽቦ። ከፋብሪካው የመጣው ሽቦ ለአንድ ትንሽ ፓምፕ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ የእኛ መኪና የፓምፕ ኮምፒውተር አላት፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ ቮልቴጁን ሆን ብሎ ይቀንሰዋል። ለየፓምፑ የራሱን ሪሌይ (በትንሽ ጅረት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) እና የራሱን 20 አምፔር ፊውዝ ስጠው። ከባትሪ በ4 ሚሊ ካሬ ሽቦ ቀጥታ አምጣ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ሪሌዩን የሚቀሰቅሰው መስመር ሞተር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መሆን አለበት፤ አደጋ ቢደርስ ፓምፑ ነዳጅ መርጨቱን እንዳይቀጥል። ማሳውን (የኔጌቲቩን ሽቦ) ቀለሙን ፍቀህ ብረቱ ላይ እሰረው። ከዚያ ፓምፖቹ እየሠሩ ቮልቴጁን እዚያው ፓምፑ ሶኬት ላይ ለካ። ባትሪው ላይ የለካኸው ምንም አይነግርህም። የእኔ በድሮው ሽቦ 11.2 ነበር፤ ከቀየርኩት በኋላ 13.6 ሆነ። ያኔ አንድም ፓምፕ አልቀየርኩም።

3. ቱቦ። እዚህ ላይ ቁም።

ፓምፖቹን ከታንከሩ ክዳን ጋር ያገጣጠመልኝ አንድ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም። ሥራው ሲታይ ያምራል። ሁለቱ ፓምፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከየራሳቸው አጭር ጥቁር ቱቦ ይወጣና መገጣጠሚያው ላይ አንድ ይሆናሉ። ቱቦው ላይ ለነዳጅ ኢንጀክሽን እንደሆነ ተጽፏል። አይቼ ልቤ አረፈ። ሰባት ወር እንደ ልቤ ነዳሁ።

አንድ ቀን በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት ጉልበቷ ድንገት ላላ። የአየርና የነዳጅ መለኪያውን ሳይ 11.5 ላይ መቆም የነበረበት 14ን አልፏል፤ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ወዲያው እግሬን አነሳሁ። ረፍዶ ነበር። ዳር ይዤ ስቆም አንዱ ሲሊንደር ጠፍቶ ትንቀጠቀጣለች። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። አምስቱ ደህና ናቸው። የስድስተኛው ነጭ ሸክላ ላይ ግን የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተለጥፈዋል። የፒስተን አሉሚኒየም ነው። እዚያው መንገድ ዳር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጋራዡ ጋ ስደውል «ቱኒንጉ ነው» አሉኝ፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ማስተካከያ ማለታቸው ነው። ቱኒንግ የሠራልኝ ልጅ የሰባት ወሩን ሎግ (ኮምፒውተሩ የመዘገበውን) አውጥቶ አሳየኝ፤ በዚያው ማስተካከያ አንድ ቀን እንኳ አልተዛባችም። ቀጥለው «ፓምፖቹ ፎርጅድ ናቸው» አሉ። ሁለቱንም ለየብቻ አስለካሁ፤ የሚገባቸውን ያህል ያወጣሉ። ኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ የሚረጩትን) አስጠረግኩ። ፊልትሮ ቀየርኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ፤ የሰው ጥፋት እየፈለግኩ ከልጁ ጋር ሳይቀር ተቀያየምኩ። በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ክዳኑን እንዳለ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። አንዱን ቱቦ በሁለት ጣቴ ስይዘው አብጦ ለስልሷል። ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ትንሽ ሳጥፈው ፋሸታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ሥር ያለው ስንጥቅ እንደ አፍ ተከፈተ። ርዝመቱ ከጥፍሬ አይበልጥም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፣ ግፊቱ ከ3 ባር በታች ሲሆን፣ ስንጥቁ ግጥም ይላል። ቱርቦው ሲነፋ ይከፈትና ነዳጁን መልሶ ታንከሩ ውስጥ ይረጨዋል። ጠብታ የለም፣ ሽታ የለም። ሁሉም ነገር እዚያው ታንከር ውስጥ ነው የሚያልቀው። ማን ያየዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው የነዳጅ ቱቦ የተሠራው ውስጡ ነዳጅ ሊያሳልፍ፣ ውጪው አየር ላይ ሊኖር ነው። ታንከር ውስጥ ግን ውጪውም ይነከራል። የላይኛው ሽፋንና የተቆረጠው ጫፍ ነዳጅ ይጠጣሉ፤ ያብጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ለመነከር የተሠራው ቱቦ ላዩ ላይ 30አር10 (30R10) የሚል ጽሑፍ አለው። 30አር7 ወይም 30አር9 ካለ ኮፈን ሥር ተጠቀምበት፣ ታንከር ውስጥ አታስገባው። ፋሸታም ቢሆን በካቻቢቴ የሚጠብቀውን ባለ ቀዳዳውን ተው፤ ጥርሱ ጎማውን ይበላዋል። ጠርዙ የታጠፈ፣ ለኢንጀክሽን የሚሆነውን ፈልግ።

የተሰነጠቀውን ቱቦ ፎቶ አንስቼ ለጋራዡ ላክሁ። ገንዘቤን መልሱ አላልኩም። ለሌላ ደንበኛ እንዳትገጥሙ ነው ያልኩት። መልእክቱ ተነቧል። መልስ ግን እስከ ዛሬ የለም። ከፒስተኑ ይልቅ ይኼ ነው ያመመኝ፤ ከእኔ በኋላ ስንት ሰው በዚያው ቱቦ እንደሚነዳ አላውቅም።

ሞተሩ ወረደ። ቴስታታው ተነሳ፣ አንድ ፒስተን አልቆ ስድስቱም ተቀየሩ፣ ሲሊንደሮቹ ተሞረዱ። የታንከሩን ሥራ ግን ዳግመኛ ለማንም አልሰጠሁም። በራሴ እጅ ነው የሠራሁት፤ እያንዳንዱን ፋሸታ ራሴ አጥብቄያለሁ። ሽቦውም ቢሆን እንደ ቱቦው ነው፤ ተራ ላስቲክ የለበሰ ሽቦ ነዳጅ ውስጥ ይደርቅና ይሰበራል። ቴፍሎን የለበሰ ተጠቀም። ውስጡ ሙጫ ያለውን የሽቦ መሸፈኛም አታስገባ፤ ሙጫው ይሟሟና ፊልትሮህን ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ ሁለቱንም ሁልጊዜ ነው የማሠራው። በቱርቦ ግፊት በሚበራ ስዊች ሁለተኛውን ማስነሳት የሚመርጡ አሉ፤ ምክንያታቸውም አይናቅም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ሁለት ፓምፕ የሚያመጣው ነዳጅ ብዙ ነው፤ የመመለሻው መስመር ቀጭን ከሆነ ሬጉሌተሩ ግፊቱን ማውረድ ያቅተዋል። ነዳጁም እየዞረ ይሞቃል። ግን ያ ስዊች የተበላሸ ዕለት የምታውቀው ሙሉ በሙሉ ስትረግጥ ነው። እኔ መመለሻውን አወፈርኩ፣ ሬጉሌተሩን በትልቅ ቀየርኩ፣ ተገላገልኩ። በስዊች ካደረግከው ግን በየፓምፑ መውጫ ወደኋላ የማይመልስ ቫልቭ መኖሩን አረጋግጥ፤ ያለዚያ የሚሠራው ፓምፕ በቆመው በኩል ነዳጁን ወደ ታንከር ይመልሰዋል።

በየትኛውም ብትሄድ ሁለት ፓምፕ አለኝ ብለህ አትተማመን። አንዱ ቢሞት መኪናህ ቆማ ስትሠራ ምንም አታሳይህም፤ ከተማ ውስጥም እንደ ጤነኛ ትሄዳለች። ስለዚህ ሬይሉ (ለኢንጀክተሮቹ ነዳጅ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ላይ የግፊት ሴንሰር ግጠም። የምታየው ቁጥር ከነዳጁ ግፊት ላይ የማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት) ግፊት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ስትረግጥም ስትለቅም 3 ባር ላይ መቆየት አለበት። ቢወርድ ኮምፒውተሩ ራሱ ሞተሩን እንዲቆርጥ አስደርግ። ያኔ ይህ ሴንሰር ቢኖረኝ ሞተሬ ዛሬም አይወርድም ነበር። አሁን በሦስተኛም በአራተኛም ማርሽ ስረግጣት የዚያ ቁጥር መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሎጉን በየሳምንቱ እከፍተዋለሁ፤ እሱን ማየት ደስ ይለኛል።

ክዳኑን ከመግጠምህ በፊት ቱቦው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ከሆነ ፈትተህ አዙረው። አይቼ እነግርሃለሁ።