የክፍል ጓደኞቻችሁን ስትፈልጉ ያቋረጡትን አትርሱ

ውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዕድሜያችን እየገፋ ሲሄድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞቻችንን መፈለግ እንጀምራለን። አንዱ ከዋሽንግተን፣ ሌላው ከስቶክሆልም፣ ሦስተኛዋ ከዱባይ ሆነው በቴሌግራም ይሰባሰባሉ፤ የደበዘዘ የወላጆች ቀን ፎቶግራፍ ይለጠፋል፤ «ይህ ከኋላ የቆመው ማን ነበር?» ይባላል። ቀደም ብዬ ከአገር የወጣሁ እንደመሆኔ በእንዲህ ያሉ ስብስቦች ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ፤ የሚሰጡትንም ደስታ አውቀዋለሁ። ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ የምንሰባሰበው 12ኛ ክፍል የደረስነው ብቻ ነን። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ከመካከላችን የጠፉትን ልጆችም ፈልጓቸው።

እስቲ የ2ኛ ክፍላችሁን የስም ጥሪ አስታውሱ። መምህሩ ስምን ከነአባቱ እየጠሩ፣ እኛም አንድ ዴስክ ላይ ሦስትና አራት ሆነን፣ በጋዜጣ የተለበጠ ደብተራችንን ደረታችን ላይ ይዘን በየተራ «አቤት» እንል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ስም ይጠራል፤ አቤት የሚል ይጠፋል። ለጥቂት ቀናት «ቀሪ» እየተባለ ይቆይና ስሙ ከጥሪው ይወጣል። ልጆች ነበርንና የት ሄደ ብለን አልጠየቅንም። ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲዛዛት የከረመው ሁሉ ከግቢ ውጭ ሲጠባበቅ፣ ያ ልጅ በደስታውም በድብድቡም ውስጥ አልነበረም። አንዱ አባቱ ሞተውበት የሊስትሮ ሣጥን አንጠልጥሏል፤ አንዷ ዘመድ ቤት ለሥራ ተልካ፣ ዕድል ከቀናት በማታው ክፍለ ጊዜ ትማራለች፤ ሌላዋ ተድራለች። ስንፍና ከትምህርት ያስወጣው ልጅ እጅግ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ያስወጣው ችግር ነው፤ እኛን ያሻገረን ደግሞ ጉብዝናችን ብቻ ሳይሆን ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛልን ሰው መኖሩም ጭምር ነው።

ፍለጋው ከስም ይጀምራል። በአገራችን ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም ስለማትለውጥ፣ ያ የስም ጥሪ እስከ ዛሬ ድረስ ዋነኛው መፈለጊያችን ነው። ውጭ የወጡትን ስትፈልጉ ግን ስም ሊለወጥ እንደሚችል አስቡ፤ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ከሄዱት ክርስቲያን እኅቶቻችን መካከልም በፓስፖርታቸው ላይ የሙስሊም ስም ያስጻፉ አሉ። የትምህርት ቤቱም ስም ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ከአብዮቱ በኋላ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ፣ እቴጌ መነን ደግሞ የካቲት 12 ተብለዋልና በአንድ ግቢ የተማሩ ሰዎች በሁለት ስም ሲጠሩት ትሰማላችሁ።

አገር ቤት የቀሩትን ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው ዕድር ነው። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማው ዳር ቢበተንም፣ ብዙ ቤተሰቦች የድሮ ዕድራቸውን አልተዉም፤ ለቀብርና ለወርኃዊው መዋጮ ከሩቅ ይመጣሉ። ስለዚህ የጓደኛችሁን ቤተሰብ ስም ይዛችሁ የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ በአክብሮት ጠይቁ፤ አድራሻው በእጃቸው ባይኖር እንኳ የሚያውቅ ሰው ያመላክቷችኋል። አንዳንዱ ፍለጋ በመርዶ እንደሚያልቅ ግን አስቀድማችሁ ልባችሁን አዘጋጁ። ከእኛ ትውልድ ጦርነት የበላው ብዙ ነው፤ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ሄደው ያልተመለሱ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ ስልኩን ዘግታችሁ አትቅሩ፤ እናቱ ወይም እኅቱ በሕይወት ካሉ ዘግይቶም ቢሆን ለቅሶ ድረሱ። ልጃቸውን በ8 ዓመቱ የሚያውቀው ሰው መጥቶ ስሙን ሲጠራው ለእናት ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁና ነው ይህን የምለው።

በሕይወት ያለውን ስታገኙት ደግሞ ገንዘብ አታስቀድሙ። ከውጭ የመጣ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ብይ አብሮት የተጫወተው ጓደኛው በዚያች ቅጽበት ለማኝ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ እሱ አልፈለገም። በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሄዳችሁ ቡናውን ጠጡ፤ ልጆቹን ተዋወቁ፤ እናንተ የረሳችሁትን እሱ ያስታውሳልና አውሩት። «እርስዎ» እያለ ቢያናግራችሁ ወደ «አንተ» እስኪመለስ ድረስ ታገሡት፤ መኪናችሁንና ቤታችሁንም አታንሡ። ችግር ካለበት ከጊዜ በኋላ ይታያችኋል፤ ያን ጊዜ ከስብስቡ ጋር ተመካክራችሁ፣ በተለይ ለልጆቹ ትምህርት፣ ሰው ሳይሰማ አድርጉ። የርዳታውን ፎቶግራፍ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ስማርት ስልክ የሌለው ጓደኛ ከስብስቡ ውጭ ሆኖ እንዳይቀርም ከመካከላችሁ አንድ ሰው ኃላፊነት ይውሰድ። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ ወይም በዒድ ቀን በመደበኛው ስልክ ይደወልለት፤ ደዋዩም በየተራ ይቀያየር።