ዋናውን ሽፋን እንዳትጥለው፣ ከአዲሱ ኋላ ይቀመጥ

የደብረ ሲናውን ወንድማችንን ጥያቄ ገና አሁን አየሁት። ላላያችሁት፦ አጎቱ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው፣ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን ሁለት ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት፣ ቪሲዲና ዲቪዲ ሰጥተውታል። ዲስኮቹ ደህና ናቸው፣ ሽፋኖቹ ግን ደብዝዘዋል፣ ጠርዛቸውም ተበልቷል። አንድ ፕሪንት ቤት ደግሞ "ሁሉንም ስካን አድርጌ በሚያብረቀርቅ ወረቀት አዲስ ላትምልህ" ብሎታል። ያሳትም ወይስ ይተወው? ከዚህ ሁሉስ የትኛው ሽፋን ነው መያዝ ያለበት?

በአጭሩ፦ አሳትም፣ ግን ከድሮው አንዲት ወረቀት እንዳትጥል። ረጅሙን ከፈለግህ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

እኔ ከ1995 እስከ 1999 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ሠርቻለሁ። ተማሪ ነበርኩ፣ ከትምህርት ስመለስ ነበር የምገባው። ኋላ ግራፊክስ ተማርኩና ለጥቂት የአማርኛ ፊልሞች ሽፋን ሠራሁ። የምነግርህ ያበላሸሁትንም ጨምሬ ነው፣ እንዲያውም ከእሱ ልጀምር።

የቪዲዮ ካሴት ዋናው ሽፋን ከካርቶን የተሠራ ኪስ ነው። ካሴቱ ከታች ወይም ከጎን ይገባበታል። አሥር ሰው ከተከራየው በኋላ ማዕዘኑ መላላጥ ይጀምራል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ፕላስቲክ ሳጥን ገዝተው መጡ። ካርቶኑ ግን እንዳለ አይገባበትም። ስለዚህ መቀስ ሰጡኝና የፊቱን፣ የጎኑንና የኋላውን ብቻ አስቀርቼ፣ የላይና የታች ክዳኖቹን ቆርጬ እየጣልኩ፣ የተረፈውን በፕላስቲኩ ላይ ባለው ግልጽ ልባስ ውስጥ ሳስገባ አንድ ክረምት ሙሉ ከረምኩ። ንጹህ ሥራ ነበር፣ ጋሼም አመስግነውኛል። አሁን ሳስበው እጄን ያሳክከኛል። እዚያ ክዳን ላይ የአሳታሚው ኮድና የፊልሙ ርዝመት ነበር፣ አንዳንዱ ላይ ዓመተ ምህረትም ነበረበት። ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች እንዲህ የተቆረጠውን "ከት ቦክስ" ይሉታል፣ ካልተቆረጠው ጋር በአንድ ዋጋ አይገዙትም። አንተ ጋ ካሉት ካሴቶች መሃል ካርቶኑ ያልተቆረጠ ካገኘህ፣ ፊልሙ ምንም ቢሆን መጀመሪያ እሱን ለይተህ አስቀምጥ።

"ለወረቀት ይህን ያህል!" የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 አሜሪካ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ የ"ባክ ቱ ዘ ፊውቸር" የቪዲዮ ካሴት በጨረታ 75,000 ዶላር ተሸጧል። ባለቤቱ ፊልሙ ላይ የተወነው ቶም ዊልሰን ነበር። ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። ታዲያ ሰውየው ምን ገዛ? ፊልሙን ማየት ቢፈልግ በስልኩ ያየው ነበር። የካሴት ማጫወቻ እንኳን አዲስ የሚሠራ የለም፣ የመጨረሻው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። የተገዛው ሽፋኑ ነው። ይህን ስልህ ግን የአጎትህ ካርቶን ሀብታም ያደርግሃል ማለቴ አይደለም፣ ሕልም እንዳታይ።

ስለ መደብዘዙ። ሽፋኖቹ ወደ ሰማያዊ ሄደዋል ብለሃል። እኛም መስኮት ላይ የደረደርናቸው ሁሉ እንደዚያ ሆነው ነበር። ሕትመት በአራት ቀለም ነው የሚሠራው፦ ሰማያዊ፣ ሮዝ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ፀሐይ ቢጫውንና ቀዩን ቶሎ ትበላቸዋለች፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። ስለዚህ የተዋናዩ ፊት ቀስ በቀስ እንደ ሬሳ ይሆናል። አንድ ደንበኛችን መስኮቱን እያየ "ያንን የበረደውን ሰውዬ ስጠኝ" ብሎኝ ያውቃል። ደብረ ብርሃን ስለሆነ መሰለኝ በጣም አልገረመኝም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ፊልሙ "የበረደው ሰውዬ" ሆኖ ቀረ። ወደ ገደለው ስመጣ፣ ፕሪንት ቤቱ "ቀለሙን እመልሰዋለሁ" ካለህ ግማሹን ነው የሚመልሰው። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቀይ ከቀረ ኮምፒውተሩ ያጎላዋል። ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ግምት ነው። የቀሚሱ ቀለም ምን እንደነበር አንተም አታውቅ፣ እሱም አያውቅ።

አሁን "የትኛው ጥሩ ሽፋን ነው" ወዳልከው። ብዙ ሰው የፊቱን ሥዕል ብቻ ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጠባቡን ጎን ነው፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው እሱ ብቻ ነዋ። የዲቪዲ ሽፋን ወረቀት ተዘርግቶ 273 በ183 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱና ኋላው እያንዳንዳቸው 129.5፣ መሃል ያለው ጎን 14 ብቻ። በዚያች 14 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ብዙዎቻችን የወደቅነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ስሙን ጎኑ ላይ ግጥም አድርጌ ጻፍኩት፣ ለማጠፊያው ምንም ቦታ ሳልተው። ቆራጩ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ሳተ፣ የርዕሱ ግማሽ ወደ ፊት ዞሮ ቁጭ። ፕሮዲውሰሩ ለሳምንት ስልኬን አላነሳም። ማተሚያ ቤቱን ረገምኩ፣ ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል አንድ ጥቅም አለው፣ እስካሁን ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። ላቲኑ ጎን ላይ ሲጻፍ መተኛት አለበት፣ አንገትህን አጣመህ ነው የምታነበው። ግዕዝ ፊደል ግን አንዱ ምልክት ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ፣ ፊደሎቹን አንዱን ከአንዱ በታች ብትደረድራቸው ቃሉ አይፈርስም። "ጤዛ" ሁለት ፊደል ናት። "ጤ" ከላይ፣ "ዛ" ከሥር፣ አለቀ። አንገት ማጣመም የለም። ጃፓኖች ጎን ላይ እንዲህ ይጽፋሉ። ካርቶንህ ውስጥ ይህን ያደረገ ሽፋን ካገኘህ ሠሪው ሥራውን ያወቀ ሰው ነው።

የፊቱ ሥዕል ላይ ብዙ አልከራከርም። የእኛ ሽፋኖች ራስ ይወዳሉ። አምስት ተዋናይ፣ አምስት ራስ፣ ከታች ከተማ፣ ከላይ እንባ። ፍቅር ከሆነ ሮዝ፣ ወንጀል ከሆነ ጥቁር። ይሳቅበታል፣ ግን ምክንያት ነበረው፦ ከርቀት ቆሞ "የእሷን ፊልም" ለሚል ሰው ነው የተሠራው። ሰፈራችን ያሉ አንድ እትዬ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ ከሽፋኑ ብቻ መርጠው ተሳስተው አያውቁም። የሚያናድደኝ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሽጉጥ ወይም የተቃጠለ መኪና የሚለጥፈው ነው። ተመላሽ ገንዘብ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ!

የኋላውን ግን ተጠንቀቅለት። ካሜራ፣ ኤዲቲንግ፣ ሙዚቃ፣ መብራት የሠራው ሰው ስም በትንንሽ ፊደል እዚያ ነው ያለው። ለብዙ የዚያ ዘመን የአማርኛ ፊልም ይህ መረጃ ሌላ ቦታ አይገኝም። አንዳንድ ቪሲዲ እስከ መጨረሻው ስም ዝርዝር ሳይደርስ ተቆርጦ ነው የተገለበጠው፣ የቀረው ምስክር ወረቀቱ ነው። ፕሪንት ቤቱ ደግሞ ሲያትም መጀመሪያ የሚያበላሸው ይህንን ነው፣ ፊቱን አሳምሮ የኋላውን ጽሑፍ ጭቃ ያደርገዋል። በ600 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት ልክ ነው) ስካን አስደርግ፣ ፋይሉንም ተቀበል። ፋይሉን አልሰጥም ካለህ ሌላ ቤት ሂድ።

"አዲሱን ላስገባ ወይስ አሮጌው ይቆይ" የሚለውን ውጭ ያሉት ድሮ ፈትተውታል። የእንግሊዙ የፊልም አሳታሚ አሮው ቪዲዮ አዲስ የተሳለ ሥዕል ከፊት ያደርግና እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ የድሮውን ፖስተር ያትማል። ገዢው ደስ ያለውን ወደ ውጭ ያዞራል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካው አሳታሚ ክራይቴሪየን ደግሞ ጎኑ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ሰዉ ቁጥሩን ለማሟላት የማይወደውን ፊልም ጭምር ይገዛል፣ እኔ ብሆንም አደርገዋለሁ። አንተ እንዲህ አድርግ፦ ጥቁሩን ሳጥን ተውና ሙሉ በሙሉ ግልጽ የሆነውን የዲቪዲ ሳጥን ግዛ። አዲሱን ሕትመት ወደ ውጭ፣ ዋናውን ከእሱ ኋላ ፊቱን ወደ ውስጥ። ስትከፍተው ድሮው ይጠብቅሃል፣ ፀሐይም አያገኘውም።

ወረቀቱን በተመለከተ ያንን የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት እንቢ በል። እርጥበት ሲያገኘው ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፣ ስትስበው ቀለሙ እዚያው ይቀራል። በሌዘር ማተሚያ፣ 130 ወይም 150 ግራም ወረቀት ይበቃሃል። ዋናውን ደግሞ ላሚኔት እንዳታስደርገው፣ መመለሻ የለውም። ስኮችም እንዳትለጥፍበት፣ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል። የአጎትህ ቪዲዮ ቤት ማህተም ካለበት አታጥፋው፣ እኔ ብሆን እንዲያውም ማህተም ያለበትን ነው የምመርጠው። አዲሱ ላይ በትንሹ "ድጋሚ ሕትመት" ብለህ ዓመቱን ጻፍ፣ ነገ የሚያየው ሰው እንዳይሳሳት። ለራስህ መደርደሪያ ነው እንግዲህ፣ አባዝቼ ልሽጥ ካልክ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።

አንድ የአገራችን ነገር። የጣርማ በር ጭጋግ ደብረ ሲና ላይ ምን እንደሚያደርግ አንተ ትነግረኛለህ። ካርቶኑን ከመሬት አንሣው፣ ከውጭው ግድግዳም አርቀው። አጎትህ ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖሩት ካልክ ደግሞ ካሴቶቹን ከዚያ ሙቀት አምጥተህ ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ አታስገባ፣ በተለይ ከብርዱ ወደ ቆላው ስትወስዳቸው። ቀዝቃዛ ነገር ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያልበዋል። እንደ ታሸጉ ግማሽ ቀን ይቆዩ።

ሳጥን ከመግዛትህ በፊት ግን ጎኑን በማስመሪያ ለካው። ርካሾቹ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆኑ አሉ፣ የድሮው ወረቀት አይገጥምም፣ ያኔ መቀስ ታነሳለህ። ልኩን እዚህ ጻፍልኝ፣ የወረቀቱን አቆራረጥ አዘጋጅቼ እልክልሃለሁ።